ከልብ ወለድ የተሠራ ትሪለር ስታዩ የምትሳሳቱት

ክረምት ገብቶ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ የደሴ ሰው ፍላሹን ይዞ ፊልም ያስጭናል፤ ቀድሞ የሚጫነውም ትሪለር፣ ልብ አንጠልጣዩ ፊልም ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ግን ክርክሩ ሁሌ አንድ ነው፦ “መጽሐፉ ይበልጣል”፣ “ገና ሲጀምር አውቄዋለሁ”። በዚህ መንገድ ስንቱን ፊልም ያለ ጥፋቱ ሰቀልነው!

የመጀመሪያው ስህተት መጽሐፉን በዚያው ሳምንት ጨርሶ ፊልሙ ላይ መቀመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመውን የፓውላ ሃውኪንስን “ዘ ገርል ኦን ዘ ትሬን” ውሰዱ። በ2016 ፊልም ሲሆን ታሪኩ ከለንደን ዙሪያ ወደ ኒውዮርክ ዞረ፤ ብዙው ሰው የሚያማርረውም ይህንኑ ነው። ትልቁ ለውጥ ግን ሌላ ቦታ ነው። መጽሐፉን ሦስት ሴቶች እየተፈራረቁ ይተርኩታል፤ አንደኛዋ በመጠጥ የተነሳ ያደረገችውን አታስታውስም፣ አንባቢም እሷ የረሳችውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ካሜራ ግን ፊት ያሳያል። ወረቀት ላይ ስም ብቻ የነበረው ሰውዬ ዓይንና ፈገግታ ይዞ ይመጣል። ታዋቂ ተዋናይ ሆኖ ሥራ የሌለው ሚና ከተሰጠውማ አለቀ፣ ተጠርጣሪው ታወቀ። ስለዚህ “ለምን ቀየሩት?” ከማለት ይልቅ መጽሐፉ በትረካ የደበቀውን ፊልሙ በምን እንደደበቀው ጠይቁ።

ሁለተኛው “አውቄው ነበር”ን ፍርድ ማድረግ ነው። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ቁልቁለቱ ሐረጎ ላይ ሆኖ ከተማዋን ከታች ያያታል፤ መታጠፊያው ላይ ግን ወንበሩን ጨምድዶ ይይዛል። ጊሊያን ፍሊን “ጎን ገርል” የተባለውን ልብ ወለዷን ለ2014ቱ ፊልም ራሷ ስትጽፈው ዋናውን ምስጢር መሀል ላይ አፈረጠችው። ከዚያ በኋላ ከአንድ ሰዓት በላይ ቁጭ ብለን የምናየው “ማን ነው?” ብለን ሳይሆን “አሁንስ ምን ሊመጣ ነው?” ብለን ነው። መጨረሻው መታወቁ አይደለም ደካማውን ፊልም የሚገድለው፤ መንገዱ ላይ ምንም አለመኖሩ ነው።

የምስሉን ማማርም ከታሪኩ ጋር አታምታቱ። የመስታወት ቤት፣ ዝናብ፣ ሰማያዊ ብርሃን፣ ውድ መኪና፣ ሁሉም በገንዘብ ይገኛል። በጣም ያስጨነቃችሁን ቦታ ድምፁን አጥፍታችሁ ድገሙት፤ ጭንቀቱ አብሮ ከጠፋ ሲሠራ የነበረው ሙዚቃው ነው።

ትርጉም ፊልም እኔም እወዳለሁ፤ የተርጓሚው ቀልድ ብቻውን ያዝናናል። ትሪለር ሲሆን ግን ሰውዬው ዝም ባለበት “ይሄማ አንድ ነገር ደብቋል” ይላችኋል። ዝምታው ነበር እኮ ፍንጩ! መጀመሪያ ዋናውን እዩ፣ ትርጉሙ ይደርሳል።

የመጨረሻው፣ መጨረሻውን መንገር። ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 ከሮበርት ብሎክ ልብ ወለድ የሠራው “ሳይኮ” ሲታይ፣ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ የመጣ ሰው ሲኒማ ቤት እንዳይገባ አስከልክሎ ነበር። እኛ ሳሎን ውስጥ ያ ሥልጣን የለንም። ቢያንስ መጽሐፉን ያነበበው ሰው ከኋላ ይቀመጥ፤ አፉን ቢይዝ እንኳ ፊቱ ያሳብቃል።