የፈረስ የሆርሞን ሕመም እንዴት ይለያል?

ቨርጂኒያ ውስጥ ፈረስ ጋጣ እሠራለሁ። ዕድሜው ከ15 ያለፈ ፈረስ ሙቀቱ ገብቶም የክረምት ጠጉሩን ካላራገፈ፣ «አርጅቶ ነው» ብላችሁ አትለፉት። የጀርባው ሥጋ ከሟሸሸ፣ ሆዱ ከተንዘረጠጠ፣ ውኃ ካበዛ ደግሞ ኩሺንግ የሚባለውን የሆርሞን ሕመም ጠርጥሩ።

መጀመሪያ በእጃችሁ ፈትሹ። የጋማውን ሥር ጨብጡት። ወፍሮና ጠጥሮ ወደ ጎን አልታጠፍ ካለ የተከማቸ ስብ ነው፤ ኢንሱሊኑ መታየት አለበት። ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ ጎን ጣታችሁን አሳርፉ። የጤነኛ ፈረስ ትርታ እዚያ ጋ በጭንቅ ነው የሚገኘው። ጣታችሁን ገፋ ገፋ ካደረገው ሰኮናው ውስጥ ብግነት ሊኖር ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ጥሩ።

ለኩሺንግ የሚለካው ኤሲቲኤች ነው፤ አንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ የሚወጣ ሆርሞን። ደሙ ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ይቀዳና ወዲያው በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ይገባል። ይቺን ነገር አደራ! አንድ ጁላይ ሐኪሟ ቱቦውን ላብራቶሪ እንዳደርስ ሰጠችኝ። መንገድ ላይ ጉዳይ ነበረኝና መኪና ውስጥ ትቼው ወረድኩ። ስመለስ መሪው በእጅ አይያዝም። ቱቦውን እንዲያው አስረከብኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም። «ደህና ነው» ተባለ። ፈረሱ መድኃኒት ሳይጀምር ቆይቶ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ፣ ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ አንድ እርምጃ አልራመድ ብሎ አገኘሁት፤ ሰኮናው በግኖ ነበር። እንደገና ሲመረመር ኤሲቲኤቹ በጣም ከፍ ብሎ ነበር። ሙቀት ሆርሞኑን ሰባብሮ ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል። ቱቦው ከሞቀ ተናገሩና ይደገም።

ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር ጤነኛውም ፈረስ ኤሲቲኤቹ ይጨምራል፤ ስለዚህ ውጤቱ ከወቅቱ ልክ ጋር ይነጻጸር። ቁጥሩ አጠራጣሪ ከሆነ ቲአርኤች የሚባል መርፌ ተሰጥቶ ከ10 ደቂቃ በኋላ ደም ይወሰዳል።

ኢንሱሊንም አብሮ ይለካ፤ አንድ ፈረስ ኩሺንግም የኢንሱሊን መዛባትም አብረው ሊኖሩበት ይችላሉ። ስኳሩን ብቻ አይታችሁ አትርኩ። ስኳሩ ልክ ሆኖ ኢንሱሊኑ ሰማይ ሊነካ ይችላል። በጣም የምወደው ምርመራ የበቆሎ ሽሮፕ በአፉ ሰጥቶ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ውስጥ ደም መውሰድ ነው፤ ድብቁን ችግር ያወጣል። ፈረሱ እያመመው ከሆነ ግን ጠብቁ፤ ሕመምና ጭንቀት ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል።

ደም በሚቀዳበት ዋዜማ በሩ ላይ በትልቁ «ነገ ጠዋት እህል የለም» ብዬ እለጥፋለሁ። ከእኔ ቀድሞ የሚገባ ሰው አይጠፋም።