የደሴት አገር የአገልግሎት ንግድ ቁጥር ሲያሳስት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ትንሽ የደሴት አገር ወደ ውጭ የምትልከው ዕቃ ብዙም የላትም። የምትሸጠው ባሕርና ፀሐይ፣ ትምህርት፣ የባንክ አገልግሎት ነው። ስለዚህ ሹማምንቷ የክፍያ ሚዛን ሰንጠረዥ (አገሪቱ ከውጭው ዓለም ጋር ያደረገችው ግብይት መዝገብ) ውስጥ ያለውን የአገልግሎት ክፍል እያዩ ፖሊሲ ያወጣሉ። ሰንጠረዡ የሚመዘግበው ግን የየትኛው አገር ነዋሪ ለየትኛው አገር ነዋሪ እንደከፈለ ነው። ብዙው ስህተት ይህን ከመርሳት ይመጣል።

ምልክት፦ «ጉዞ» የሚለው ገቢ ጨምሯል፤ ሆቴሎች ግን ገበያ የለም ይላሉ።

መንስኤ፦ «ጉዞ» ማለት ቱሪዝም ብቻ አይደለም። እንግዳ ሰው አገር ውስጥ ሆኖ ለራሱ የሚገዛው ነገር ሁሉ እዚያ ይገባል፤ አልጋውም፣ ምሳውም፣ የትምህርት ቤት ክፍያውም። በዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የክፍያ ሚዛን መመሪያ ስድስተኛ እትም መሠረት፣ ተማሪና ታካሚ ከዓመት በላይ ቢቆዩም የመጡበት አገር ነዋሪ ሆነው ይቆጠራሉ። የካሪቢያኗን ደሴት ግሬናዳን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የሴንት ጆርጅስ ዩኒቨርሲቲ ብዙ አሜሪካውያን የሕክምና ተማሪዎች አሉት። የሚከፍሉት የቤት ኪራይና የትምህርት ክፍያ ከባሕር ዳርቻ ጎብኚው ወጪ ጋር አንድ መስመር ላይ ይደመራል። ይህን ያላየ ሹም፣ ገቢውን ያሳደጉት ተማሪዎች ሆነው ሳለ የቱሪዝም ማስታወቂያ ላይ ገንዘብ ያፈሳል።

መፍትሄ፦ መስመሩን በንግድ ጉዞ፣ በሕክምና፣ በትምህርትና በሌላ መክፈል። መነሻው ውድ አይደለም። መንገደኛው ሲገባ የሚሞላው ቅጽ ላይ «የመጡበት ምክንያት» የሚል ጥያቄ አለ። የተማሪውን ቁጥር ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት ማግኘት ይቻላል። ከዚያ ጥቂት ተማሪዎችን የወር ወጪያቸውን መጠየቅ ነው። የሆቴሎቹን አቤቱታ ከአልጋ ኪራይ ቁጥር ጋር አስተያዩት።

ምልክት፦ ቱሪስት ሞልቷል፤ ባንክ ውስጥ ዶላር የለም።

መንስኤ፦ ሰንጠረዡ የሚያሳየው ያልተጣራውን ሽያጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከ2 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ የተቀበለችው ማልዲቭስ በዶላር እጥረት ተቸግራ ነበር። ምግቡና ነዳጁ ከውጭ ይገዛል። የውጭ ባለሀብቱ ትርፍም ይወጣል፤ የሚመዘገበው ግን በሌላ ክፍል ነው። አንዳንዱ የሆቴል አልጋ ኪራይ ደግሞ ውጭ አገር ባለ ሂሳብ ውስጥ ይቀራል።

መፍትሄ፦ የጉዞ ገቢን፣ የምግብና የነዳጅ ግዢን፣ ወደ ውጭ የሚወጣውን የኢንቨስትመንት ትርፍ ጎን ለጎን ማንበብ። ማልዲቭስ በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ ሪዞርቶች ዶላር ለአገር ውስጥ ባንክ እንዲሸጡ ደንብ አወጣች። ለኢትዮጵያ ላኪዎች ዶላርን ለባንክ የመሸጥ ግዴታ አዲስ ወሬ አይደለም።

ምልክት፦ በረራው ሞልቶ ይመጣል፤ የትራንስፖርት ገቢ ግን ትንሽ ነው።

መንስኤ፦ አየር መንገዱ የማን ነው? ፈረንሳዊ ጎብኚ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሲሸልስ ቢበር፣ ቲኬቱ የኢትዮጵያ የወጪ ንግድ ነው። ለሲሸልስ የሚደርሳት የአውሮፕላን ማረፊያ አገልግሎት ክፍያ ነው።

መፍትሄ፦ ቁጥሩን ማረም አያስፈልግም። የመንገደኛውን ብዛት የትራንስፖርት ገቢ መለኪያ አታድርጉት።

ምልክት፦ የመንግሥት ካዝና ከዓሣ ብዙ ያገኛል፤ አገልግሎት ክፍል ውስጥ ግን የለም።

እንደ ኪሪባቲ ላሉ የፓሲፊክ ደሴት አገሮች የውጭ መርከቦች የሚከፍሉት የቱና ዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ትልቅ ገቢ ነው። የሚመዘገበው ግን እንደ ተፈጥሮ ሀብት ኪራይ፣ ቀዳሚ ገቢ በሚባለው ክፍል (የኢንቨስትመንት ትርፍም የሚገባው እዚያ ነው) ነው። እዚያ ፈልጉት።

ምልክት፦ ሰንጠረዡ ላይ ባዶ ሳጥን አለ።

በአገሩ አንድ የቴሌኮም ድርጅት ብቻ ካለ፣ ቁጥሩን ማውጣት የድርጅቱን ምስጢር ማውጣት ነው። ድርጅቱን ፈቃድ ጠይቁ፤ እምቢ ካለ ሁለት መስመሮችን አዋህዱ። የንግድ ሸሪክ አገሮችን መረጃ ማየትም ይረዳል፤ እነሱ ግን ትንንሽ ደሴቶችን ብዙ ጊዜ «ሌሎች» ውስጥ ስለሚጨምሯቸው ዝርዝሩን በደብዳቤ መጠየቅ ያስፈልጋል።