ለአዲስ የኔትወርክ ቺፕ ድራይቨር ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሊኑክስ የኔትወርክ ድራይቨር (ሃርድዌሩን የሚያዝ ኮድ) ላይ አዲስ ቺፕ ለመጨመር የሚሠራ ሰው የመጀመሪያ ደስታው ፒንግ፣ ማለትም ግንኙነት መኖሩን የሚሞክር ትንሽ መልእክት፣ መልስ ሲያመጣ ነው። ብዙዎቻችን የምንሳሳተውም እዚያው ላይ ነው። እኔ ከወደቅኩባቸውና ሌሎች ሲወድቁባቸው ካየኋቸው ስህተቶች ዋና ዋናዎቹን ልንገራችሁ።

የመለያ ቁጥር መጨመርን እንደ ድጋፍ መቁጠር

በኤልኤስፒሲአይ (የማሽኑን ካርዶች በሚዘረዝር ትዕዛዝ) የቺፑን መለያ ቁጥር አይቶ በድራይቨሩ ሰንጠረዥ ላይ አንድ መስመር መጨመር የደቂቃ ሥራ ነው። ግን የቺፕ አምራቹን የሪልቴክን 8168 ተመልከቱ፤ በዚህ አንድ ቁጥር ሥር በርካታ የቺፕ ትውልዶች አሉ። አር8169 የተባለው ድራይቨር የትኛው እንደሆነ የሚለየው ከቺፑ ሪጂስተር (በቺፑ ውስጥ ካለች ትንሽ ማህደር) አንብቦ ነው፤ የማያውቀው ከገጠመው መልእክት ጽፎ ሥራውን ያቆማል። ይህን ማጣሪያ ከፍቶ «ከቀድሞው ጋር ይመሳሰላል» በሚል ግምት የድሮውን ማስነሻ ኮድ ማስኬድ ሊንክ ሊያስገኝ ይችላል፤ ጣጣው በኋላ ይመጣል። ባለ 2.5 ጊጋቢቱ 8125 እ.ኤ.አ. በ2019 ሊኑክስ 5.4 ላይ ሲገባ የራሱን ማስነሻ ኮድና የራሱን ፈርምዌር (በቺፑ ላይ የሚጫን ፕሮግራም) ይዞ ነበር።

ቅጂ ሳይይዙ መነካካት

እ.ኤ.አ. በ2008 የሊኑክስ 2.6.27 የሙከራ እትሞች ላይ በኢ1000ኢ ድራይቨር የሚሠሩ የኢንቴል ካርዶች ቋሚ ማህደረ ትውስታቸው እየተበላሸ ከጥቅም ውጭ ሆኑ። ጥፋቱ በመጨረሻ የተገኘው ከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) ለመከታተል የሚያገለግል ሌላ ኮድ ላይ ነው፤ ቀድሞ የተለቀቀ የሜሞሪ ቦታን የራሱ መስሎት ይጽፍበት ነበር፤ ያ ቦታ ደግሞ በዚያን ጊዜ ለካርዱ ተሰጥቷል። የሌላ ሰው ስህተት እንኳ ካርድ ሊገድል ከቻለ የራሳችን አያቅተውም። ድራይቨሩ የሚፈቅድ ከሆነ ኢትቱል በተባለው የኔትወርክ ካርድ መቆጣጠሪያ ትዕዛዝ የካርዱን ኢኢፕሮም (ቋሚ ማህደረ ትውስታውን) አንብቡና ፋይል ላይ አስቀምጡ፤ ከዚያ በኋላ ሥራ ጀምሩ።

በፒንግ ብቻ መፈተን

ፒንግ ካልነገሩት በስተቀር 56 ባይት ዳታ ይልካል፤ ከነራስጌዎቹ 98 ባይት ፍሬም (በኬብሉ የሚሄድ አንድ እሽግ) ይሆናል። ይህ መጠን ለቺፑ አጭርም ረጅምም ስላልሆነ ጠርዝ ላይ ያለውን ጥፋት አያሳይም።

ኤተርኔት፣ መጨረሻው ላይ የሚታከለው ማረጋገጫ ሳይቆጠር፣ ከ60 ባይት በታች የሆነ ፍሬም አይቀበልም፤ ቺፑ ራሱ የማይሞላ ከሆነ ጉድለቱን በዜሮ መሙላት የድራይቨሩ ፋንታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤተርሊክ በሚል ስም የታወቀው ክፍተት ከዚሁ የመጣ ነው፤ በርካታ ድራይቨሮች ባዶውን ቦታ ሳያጸዱ ይልኩ ስለነበር የከርነል ሜሞሪ ቁርጥራጭ በኬብሉ ይወጣ ነበር። ለመፈተሽ የፒንጉን ዳታ ወደ 1 ባይት አውርዱ፤ ፍሬሙ 43 ባይት ስለሚሆን 17 ባይት መሞላት አለበት። በተቀባዩ ማሽን ላይ በቲሲፒደምፕ (የሚያልፈውን ትራፊክ በሚያሳይ ትዕዛዝ) ሙሉውን ፍሬም አውጡና የመጨረሻዎቹን 17 ባይቶች በዓይናችሁ ቁጠሩ። ዜሮ ካልሆኑ ፓቹን (ለከርነሉ የምታቀርቡትን የኮድ ለውጥ) አትላኩ። በሌላው ጫፍ ደግሞ ቪላን (አንዱን ኔትወርክ ለብዙ የሚከፍል የ4 ባይት ምልክት) ያለበት ሙሉ ፍሬም 1518 ባይት ነው፤ መቀበያውን 1514 ላይ የቆረጠ ድራይቨር ይጥለዋል።

ትንሽ ራም ባለው ማሽን ላይ ብቻ መሞከር

የባፈሩን (ዳታው የሚያርፍበትን የሜሞሪ ቦታ) የ64 ቢት አድራሻ ታችኛ ግማሽ ብቻ ለቺፑ የሚጽፍ ኮድ 4 ጊጋባይት ራም ባላቸው አሮጌ ማሽኖች ላይ ምንም ሳይታይበት ሊያልፍ ይችላል። ብዙ ራም ባለበት ማሽን ላይ ግን ዳታው የሌላ ሥራ ሜሞሪ ላይ ያርፋል፤ ውሎ አድሮ የሚበላሸው ከኔትወርክ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ነገር ነው። የከርነሉን የዲኤምኤ (ቺፑ ራሱ በቀጥታ ሜሞሪ የሚጠቀምበት መንገድ) ማረሚያና ኬኤኤስኤኤን (KASAN) የተባለውን የሜሞሪ ስህተት ፈላጊ አብርታችሁ ሞክሩ።

ምልክቱን አክሞ በሽታውን መተው

እዚህ ላይ ብዙ ቀን አጥፍቻለሁ። አይፐርፍ3 የተባለውን የኔትወርክ ፍጥነት መፈተኛ ማታ ላይ ጀምሬ ተኛሁ፤ ጠዋት ስነሳ የመላኪያው ወረፋ ጊዜው አልፏል የሚል የዋችዶግ (ሥራ መቆሙን የሚጠብቅ ኮድ) መልእክት ስክሪኑ ላይ ተደርድሯል። መጠበቂያውን ሰዓት ከፍ አደረግሁት፤ መልእክቱ ዘገየ እንጂ አልጠፋም።

ነገሩ የሁለት ኮሮች (የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) መተላለፍ ነበር። ላኪው ኮር ወረፋው መሙላቱን አይቶ ሊዘጋው ነው። ልክ በዚያች ቅጽበት ሌላው ኮር የተላኩትን ሁሉ አጽድቶ «ወረፋው ገና አልተዘጋም፣ የሚከፈትም የለም» ብሎ ሄደ። ላኪው ቀጥሎ ዘጋ። በሩ ተቆለፈ፤ የሚከፍተው ግን ቀድሞ አልፏል። መፍትሔው ከዘጉ በኋላ የሜሞሪ ባሪየር (የሜሞሪ ሥራዎችን ቅደም ተከተል የሚያስጠብቅ ትዕዛዝ) አድርጎ ቦታ መኖሩን እንደገና ማየት፣ ካለም ወዲያው መክፈት ነው። ፈተናው በብዙ ኮር፣ በብዙ ግንኙነት፣ በሁለቱም አቅጣጫ ለሰዓታት ካልሄደ ይህ ጥፋት አይታይም።

ትራፊክ እየሄደ ኬብል መንቀል፣ ሞጁሉን ማውረድ፣ ማሽኑን አስተኝቶ መቀስቀስም መዘንጋት የለባቸውም። ከእንቅልፍ ሲነሳ የቺፑ ሪጂስተሮች ባዶ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ፤ ማስነሻው በሙሉ እንደገና መጻፍ አለበት።

«ተፈትኗል» ብሎ መላክ

የትኛው የቺፕ ትውልድ፣ የትኛው ቦርድ፣ በምን ፍጥነት፣ ስንት ሰዓት? እነዚህን በፓቹ መግለጫ ላይ ጻፉ፤ ማስነሻውን፣ ፈርምዌሩንና ማጽጃውን ለያይታችሁ ላኩ። የከርነሉ የመቀላቀያ መስኮት (አዲስ ኮድ ወደ ዋናው ከርነል የሚገባበት ጊዜ) ለሁለት ሳምንት ያህል ሲከፈት አዲስ ድጋፍ የሚቀበለው የኔትወርክ ኮድ ማከማቻ ኔት-ኔክስት ይዘጋልና ያኔ አትላኩ፤ ያንን ጊዜ በረጅም ኬብልና በሌላ ስዊች ለመሞከር ተጠቀሙበት።