ኮፓይለት ስትከፍቱ በየትኛው ኢሜይል እንደገባችሁ እዩ

ደብረ ማርቆስም ሁኑ ቡሬ ወይ እንጅባራ፣ ኮሌጃችሁ ማይክሮሶፍት ኮፓይለትን (ጥያቄ ስትጽፉለት የሚመልሰውን የኤአይ ረዳት) ፈቅዶ በኮሌጁ ኢሜይል እንድትገቡበት ከሰጣችሁ ይቺን ያዙ። ችግሩ ላፕቶፑ ዝም ብሎ በለመደው የግል አካውንት ያስገባችኋል፣ እናንተ ደግሞ በኮሌጁ የገባችሁ መስሏችሁ አሳይመንቱንም የሪሰርች ዳታውንም ትለጥፉበታላችሁ። መላው፦ ክሮም ላይ ከላይ በስተቀኝ ያለችውን ክብ ፎቶ ነክታችሁ አዲስ ፕሮፋይል ጨምሩ፣ "ኮሌጅ" በሉት፣ እዛ ውስጥ በኮሌጁ ኢሜይል ብቻ ግቡና ኮፓይለቱ ላይ አረንጓዴ የጋሻ ምልክት ፈልጉ፣ ካለች በትክክል ገብታችኋል፣ ከሌለች ምንም አትለጥፉ። እያንዳንዱ ፕሮፋይል ፓስወርዱንም ኩኪውንም ለብቻው ስለሚይዝ ሁለቱ አካውንት አይደበላለቁም፣ ጋሻዋ ካለች ደግሞ የጻፋችሁት ነገር ከኮፓይለት ጀርባ ያለውን ዋናውን የኤአይ ሞዴል ለማሰልጠን አይውልም (ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው)።

ላብ ኮምፒውተር ላይ ግን ፕሮፋይል እንዳትፈጥሩ፣ ከናንተ ቀጥሎ የሚቀመጠው ልጅ ይከፍተዋል፣ እዛ ኢንኮግኒቶ (ስትዘጉት የገባችሁበትን አካውንት የማያስቀምጠው የክሮም መስኮት) ይበቃል፣ ስትጨርሱ ሁሉንም መስኮት ዝጉ። ስልክ ላይም በኢንኮግኒቶ ግቡ። ደግሞ ጋሻ አለች ብላችሁ የሰው ውጤትና የመታወቂያ ቁጥር አታስገቡ፣ መምህሩ በኤአይ አትሥሩት ያለው አሳይመንት ካለም እሱን በእጃችሁ ሥሩት።