ለደረቀ ትከሻ አንድ የቴኒስ ኳስ

በሐረጎ ጠመዝማዛ ከደሴ ኮምቦልቻ ሲመላለስ የሚውል ሰው ትከሻው እንደ ድንጋይ ቢደርቅ አይደንቅም። የእኛ አገር ልማድ ቅቤ አሙቆ ማሸት ነው፤ አልነቅፈውም፣ ደስ ይላል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ማዮፋሻል የሚሉት ማሳጅ ግን ያለ ቅባት ነው። እጅ ወይም ኳስ ከተንሸራተተ ጡንቻን የሚያለብሰውን ስስ ሽፋን ይዞ መሳብ አይችልም።

ግድግዳ ተደግፈው ኳሱን በትከሻ አጥንትና በአከርካሪ መካከል ባለው ሥጋ ላይ ያድርጉት፤ አከርካሪው ላይ ፈጽሞ አይሁን። የሚያመውን ነጥብ ሲያገኙ ኳሱን አያንከባሉት። ከ90 እስከ 120 ሰከንድ በቀስታ እየተነፈሱ ክብደትዎን ይልቀቁበት። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ይቸኩላል። እኔም መጀመሪያ በኃይል ተጭኜ በማግስቱ ክንዴን ማንሳት አቅቶኝ ነበር። ትንፋሽ የሚያስይዝ ሕመም ከተሰማዎት ግፊቱን ይቀንሱ።

የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ወይም አጥንቱ የሳሳ ሰው ሐኪም ሳያማክር አይሞክረው። እጅዎ ከደነዘዘ ወይም ከዛለም ኳሱን ትተው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።