ክኒኑን በአቦል አታወራርዱት

ሐዋሳ፣ ሰፈራችን፣ ቡና ተፈልቷል። ጎረቤቴ ከቦርሳዋ የአይረን (ለደም የሚያስፈልገው የብረት ማዕድን) ክኒን አወጣች። አፏ ውስጥ ጣል አደረገችና አቦሉን አስከተለችበት። «በውሃ አይሻልም?» አልኳት። «ኧረ ያው ነው!» አለችኝ።

ያው አይደለም። ቡናና ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን አይረኑን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል፤ ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። ከ19 እስከ 50 ዓመት ያለች ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም አይረን ያስፈልጋታል፤ ወንድ 8 ይበቃዋል። ልዩነቱ በየወሩ የሚፈሰው ደም ነው። ሲዳማ ምድር ተቀምጬ ቡና ተዉ አልልም። ክኒኑ ብቻ ከቡናው ሁለት ሰዓት ያህል ይራቅ። ምስርና ጎመን ስትበሉም ሎሚ ጠብ አድርጉበት፤ ቫይታሚን ሲ የእህልና የአትክልት አይረን ይበልጥ እንዲገባ ያግዛል።

ካልሲየምና አይረን አንድ ላይ መዋጥም ስህተት ነው። ይሻማሉ። አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ማታ።

ብዙዎች የማያውቁት የዚንክ ጉዳይ ነው። ውጭ ያለች እህት «ለፀጉር» ብላ አንድ ብልቃጥ ትልካለች፣ ከፋርማሲ ደግሞ መልቲቫይታሚን ይገዛል። ሁለቱም ውስጥ ዚንክ አለ። ለአዋቂ ከፍተኛው መጠን በቀን 40 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ በላይ ለወራት ከተወሰደ ሰውነት መዳብ ያጥረዋል። መዳብ ሲያጥር ደግሞ ደም ማነስ ይመጣል። ሁለቱን የምትውጠው ሴት ደከመኝ ብላ አይረን ትጨምራለች፤ ጥፋቱ ግን የዚንኩ ነው። ስለዚህ ከመዋጣችሁ በፊት የብልቃጡን ጀርባ አንብቡ፣ የሁለቱንም ደምሩ።

ቫይታሚን ዲም ቀልድ አይደለም። በሳምንት አንዴ የታዘዘውን ባለ 50,000 ዩኒት በየቀኑ የሚውጡ አሉ። ቫይታሚኑ ካልሲየም ከምግብ እንዲገባ ስለሚያደርግ፣ ሲበዛ ደም ውስጥ ካልሲየም ይከማቻል፤ ኩላሊትም ይጎዳል።

አይረን ጀምራችሁ ሰገራ ቢጠቁር ክኒኑን አትጣሉ፣ የተለመደ ነው። እንደ ሬንጅ ከተጣበቀና ክፉ ከሸተተ ግን ወደ ሐኪም ሂዱ።

ያን ቀን ከቡናው ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን ቦርሳዋ ነበር። ምንጣፉ ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። የሁለት ዓመት ልጇ ቀዩን ክኒን ከረሜላ መስሎት እጁን ሰድዷል። ጥቂት የአይረን ክኒን ሕፃን ሊገድል ይችላል። ቦርሳውን አንስቼ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀልኩት።