በአንስታይን ቀመር ኢነርጂ እንዴት ይሰላል?

የአንስታይን ቀመር (E = mc²) ቲሸርት ላይ ሳይቀር ይታተማል። ቁጥር አስገብቶ የሞከረው ግን ብዙ አይደለም። ማባዛትና መቀነስ ለሚችል ሰው ከባድ አይደለም።

አንስታይን በ1905 (እ.ኤ.አ.) ያመጣው ሐሳብ በቃል ሲጻፍ ይህ ነው፦ ኢነርጂ = መጠነ ቁስ (ማስ) × የብርሃን ፍጥነት × የብርሃን ፍጥነት። ስኩዌር የሚሆነው፣ ማለትም በራሱ የሚባዛው፣ ፍጥነቱ ብቻ ነው።

መጀመሪያ መጠነ ቁሱን ወደ ኪሎግራም ቀይሩ። በግራም ካስገባችሁት መልሱ አንድ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ነው፤ በእጅ ለመሥራት 300,000,000 ይበቃል። ይህ በራሱ ሲባዛ 9 እና ከኋላው 16 ዜሮ ይሆናል። ስምንት አሃዝ ብቻ የሚይዝ ካልኩሌተር እዚህ ጋ ዋጋ የለውም። ወረቀት ላይ ዜሮ መቁጠር በብዙ ይሻላል።

በ1 ግራም እንሞክረው፤ ማለትም በ0.001 ኪሎግራም። ውጤቱ 90 ትሪሊዮን ጁል (የኢነርጂ መለኪያ) ነው፤ ወደ 25 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ገደማ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። 1 ኪሎ ነገር ስላላችሁ 1 ኪሎ አታስገቡ! የምታስገቡት ልዩነቱን ነው፦ ከለውጡ በፊት ከነበረው መጠነ ቁስ ላይ በኋላ የቀረውን ቀንሱ።

ፀሐይን እንይ። እዚያ በብዙ ደረጃ አልፎ ከአራት ሃይድሮጅን አንድ ሂሊየም ይወጣል። በአቶም መለኪያ አንዱ ሃይድሮጅን 1.0078 ስለሆነ አራቱ 4.0312 ይሆናሉ። ሂሊየሙ ግን 4.0026 ነው። 0.0286 ጎደለ፤ 0.7 በመቶ ያህል መሆኑ ነው። ታዲያ የት ገባ? አስኳሉ (የአቶሙ እምብርት) ውስጥ ያሉትን ቅንጣቶች፣ ፕሮቶንና ኒውትሮን፣ ብትቆጥሩ አሁንም አራት ናቸው፤ ተበልቶ ያለቀ የለም። አንድ ላይ ሲጣበቁ ኢነርጂ ለቀቁ፤ የወጣው ኢነርጂ ደግሞ የራሱን ድርሻ መጠነ ቁስ ይዞ ሄደ። ስለዚህ 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ሂሊየም ሲሆን ቀመሩ ውስጥ የሚገባው 7 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ያም ቢሆን 630 ትሪሊዮን ጁል ይሰጣል። ፀሐይ በዚህ መንገድ በየሰከንዱ ከ4 ሚሊዮን ቶን በላይ ትቀንሳለች።

ወደ ኋላም ይሠራል፤ ኢነርጂውን ለ9 እና 16 ዜሮ አካፍሉ። 15 ዋት ሰዓት የሚይዝ የስልክ ባትሪ ሲሞላ 54,000 ጁል ይጨምራል። ሲካፈል ከግራም አንድ ቢሊዮንኛ እንኳን አይሞላም። አዎ፣ ቻርጅ የተደረገ ስልክ ይከብዳል፤ በሚዛን ግን አትደርሱበትም። እንጨት ሲነድም እንደዚያው ነው። የኬሚስትሪ መማሪያ መጠነ ቁስ አይለወጥም ቢል አይፈረድበትም፤ ልዩነቱ ለመለካት እጅግ ትንሽ ነው። ሂሳቡ በሙከራ እንዲታይ የአቶም አስኳል ያስፈልጋል። የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ኮክክሮፍትና ዋልተን በ1932 (እ.ኤ.አ.) ካምብሪጅ ውስጥ ሊቲየምን በፕሮቶን መትተው ለሁለት ሲሰነጥቁ፣ የጎደለው መጠነ ቁስና የወጣው ኢነርጂ ገጠሙ።